ከበሩ ኋላ ያለው ፍልጥ

«አትንኪው አልኩሽ!»

«አባባ፣ እንጨት እኮ ነው! ልጄ በብርድ እየተንዘፈዘፈች እርስዎ ለአንድ ፍልጥ ይጣሉኛል?»

«አትንኪው።»

«ታዲያ ምን ልማግድ? እግሬን ልማግድ?»

የሻረግ የፍልጡን አንድ ጫፍ ይዛለች። የባሏ አባት አያ ጓንጉል ሌላውን ጫፍ ይዘዋል። ሁለቱም አይለቁም። ነሐሴ ነው፤ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ሌሊቱ ነው። ከመንደሩ በታች ምሰሶ ወድቆ መስመሩ ተበጥሷል፤ የመብራት ሠራተኞች ደግሞ መንገዱ ካልደረቀ መኪና አይገባም ብለዋል። የኤሌክትሪክ ምድጃው ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል። ውጭ ያለው እንጨት ሁሉ ውኃ ጠጥቷል። በቤቱ ውስጥ የቀረው ደረቅ እንጨት ይህ ከበሩ ኋላ የሚቆም ፍልጥ ብቻ ነው፤ ድስቱ ውስጥ ያለው ሽሮ ደግሞ ገና አልፈላም።

የየሻረግ ባል ደመላሽ ከተማ ለሥራ ሄዷል። ዕድሜውን ሲጠየቅ «መብራት በገባ በዓመቱ ነው የተወለድኩት» የሚል ሰው ነው። እሱ ቢኖር ምናልባት ያስታርቃቸው ነበር።

«ከትናንት ወዲያ አንድ ፍልጥ ይዘው ወጡ» አለች የሻረግ። «ትናንትም አንድ ይዘው ወጡ። በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጨለማ። ለማን ነው የሚወስዱት? እስቲ ይንገሩኝ!»

ሙላቴ ሳቀ። ሙላቴ ጎረቤት ነው፤ ስልኩ ባትሪ ከጨረሰ ወዲህ ማታ ማታ እዚህ እየመጣ ይቀመጣል። «አያ ጓንጉል፣ በዚህ ዕድሜዎ ውሽማ ያዙ እንዴ? ብርድ የምትፈራ ውሽማ?»

«አፍህን ዝጋ» አሉ አያ ጓንጉል። ግን አልተቆጡም። የደከማቸው ይመስሉ ነበር። ፍልጡን ለቀቁና ተመልሰው ከእሳቱ አጠገብ ቁጭ አሉ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ፍሙ ዘረጉ። ሁልጊዜም ቀኝ እጃቸውን ነው የሚዘረጉት።

«እሺ» አሉ። «አንድ ነገር ላውራችሁ። ሰምተሽ ከጨረስሽ በኋላ ልማግደው ካልሽ ማግጂው። አልከለክልሽም።»

የሻረግ ፍልጡን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የስምንት ዓመቷ ልጇ ማሪቱ ተጠጋቻት።

«ጆሮ አላችሁ?» አሉ አያ ጓንጉል።

«አለን።»

«በሩ ተዘግቷል?»

«ተዘግቷል።»

«እንግዲያው ስሙ።»

ጊዜው ማታ ነው። እንደ አሁኑ ያለ ማታ። ሰው የሚተኛበት ሰዓት አልፏል፤ ዶሮ የሚጮኽበት ሰዓት ገና ነው። ዝናብ አለ። አንድ ጠባብ መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ የቅንጭብ አጥር ነው። መንገዱ ይወርዳል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ይወጣል፣ አንዲት ሣር ቤት ደጃፍ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት የለም። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። በእጁ ገል ይዟል። የተሰበረ እንስራ ገል። ባዶ ነው።

በዚያ ሌሊት ባዶ ገል ይዞ የት ይሄዳል? እሳት ሊጭር ነው።

«እኛም ጋ እኮ ቅንጭብ አለ» አለች ማሪቱ። «ወንዝም አለ።»

ቅንጭብ የሌለበት አገር የት አለ? የመንደሩን ስም አትጠይቂኝ። አልነግርሽም። የሰውየውንም ስም አልነግርሽም። ድሮ ነው፤ ሰውየውም አንድ ገበሬ ነው። ይበቃሻል።

«እሳት መጫርስ ምንድን ነው?»

ይኸው። አሁን ይህንንም ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። ድሮ ክብሪት እንደ ልብ አልነበረም። ገበያው ሩቅ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ክብሪት ይርሳል። ስለዚህ እሳቱ የጠፋበት ሰው ገል ይዞ እሳት ወዳለበት ቤት ይሄዳል። ሁለት ሦስት ፍም ገሉ ላይ ያስቀምጡለታል። እፍ እፍ እያለ ይመለሳል። ይኸው ነው እሳት መጫር።

በዚያ መንደር እሳቱ የማይጠፋ ቤት አንድ ብቻ ነበር። የእማማ አንጓች ቤት። ያቺ በመንገዱ ጫፍ ላይ ያለችው ሣር ቤት። እማማ አንጓች ልጅ የላቸውም። ባላቸው ቀድመው ሞተዋል። ያላቸው እሳት ነው። ማታ ፍሙን በአመድ ይዳፍኑታል፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት ፍሙ ቀይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም። መንደሩ ሁሉ ጠዋትና ማታ እዚያ ነው። ኩራዝ የሚያበራው ከዚያ ነው። ምድጃ የሚያነደው ከዚያ ነው።

እሳት የጫረ ሰው ደግሞ እንጨት ሳያኖር አይወጣም። አንድ ፍልጥ። ማንም ሕግ አላወጣም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። እጅህን ባዶ አድርገህ አትሄድም። አንዱን ፍልጥ ከምድጃው አጠገብ ታስቀምጣለህ፣ «እንዴት አመሹ እማማ» ትላለህ፣ ፍምህን ይዘህ ትወጣለህ። አሮጊቷ እንጨት ለመልቀም አቅም የላቸውም። ግን መቼ እንጨት ጎደላቸው? መቼስ ሰው ጎደላቸው?

ከዚያ መብራት መጣ።

መብራት ዝም ብሎ አልመጣም። ምሰሶውን መንደሩ ራሱ ያቁም ተባለ። ጉድጓዱን መንደሩ ይቆፍር ተባለ። ኮሚቴ ተመረጠ፤ ያ ሰው የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሆነ። ባሕር ዛፍ ያለው ባሕር ዛፉን ሰጠ። እማማ አንጓች ጓሮ ሦስት ባሕር ዛፎች ነበሩ፤ ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ። ሰውየው ሄዶ ለመናቸው። «እማማ፣ መብራቱ መጀመሪያ የሚገባው እርስዎ ቤት ነው» አላቸው። ምን አሉት መሰላችሁ? «ቁረጣቸው ልጄ» አሉት። ሦስቱም ተቆረጡ። በበሬ እየተጎተቱ ወጡ። ሦስት ምሰሶ ሆኑ።

ሠራተኞቹ መጡ። ሽቦውን ዘረጉ። እማማ አንጓች ቤት ሲደርሱ ቆሙ። «ሣር ቤት ነው» አሉ። «ሣር ቤት ውስጥ አናስገባም፤ ይቃጠላል። ቆርቆሮ ይልበስና እንመለሳለን።»

ሰውየው አሮጊቷን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «እማማ፣ ከመኸር በኋላ ቆርቆሮ እናለብስዎታለን» አላቸው። «እኔ ራሴ ነኝ ጣሪያው ላይ የምወጣው።»

«ግድ የለም ልጄ» አሉት። «እኔ እሳቴ አለኝ።»

መብራቱ የበራ ቀን... እሱን ቀን ብታዩት። አምፖሉ ቦግ ሲል ሴቶቹ እልል አሉ። ማንም አልተኛም። ማጥፋት ነውር ይመስል ሁሉም እንደበራ ተወው። ዶሮዎቹ በእኩለ ሌሊት ጮኹ። በሬዎቹ አልተኛ አሉ። በማግስቱ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ግድግዳ አጣቢ ሆነ። ለምን? ጥቀርሻውን አየነዋ! ቤታችን እንደዚያ ጥቁር መሆኑን ያወቅነው ያን ቀን ነው።

«አወቅን?» አለ ሙላቴ።

አወቁ ነው ያልኩት።

«አወቅን ነው ያሉት።»

ታወራለህ ወይስ ላውራ? ዝም በል። ደክሞኛል።

እንግዲህ ኩራዙ ቀረ። ልጆች ኩራዙን እየወረወሩ ሰበሩት። በመብራቱ ምክንያት ሱቅ ተከፈተ፤ ሱቁ ክብሪት አመጣ። ለምድጃው ክብሪት በቃ። መጀመሪያ ማታ ማታ እሳት የሚጭር ቀረ። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት የሚጭር ቀረ። ማንም እማማ አንጓችን እጠላለሁ አላለም። ማንም አልሄድም ብሎ አልማለም። እንዲሁ ቀረ። እሳት የሚጭር ሲቀር ምን አብሮ ይቀራል? እንጨቱ። ባሕር ዛፎቹስ የት አሉ? መንገድ ላይ ቆመው ሽቦ ተሸክመዋል።

እማማ አንጓች ማታ ማታ በራቸውን ከፍተው ይቀመጡ ነበር ይላሉ። በሩ ሲከፈት ከማዶ ቀይ ነገር ይታያል። መንደሩ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ከማዶ አንዲት ቀይ ነጥብ። ሰውየው ያያት ነበር። «ነገ እሄዳለሁ» ይል ነበር። መኸሩ አለፈ። በዓሉ አለፈ። እርሻው መጣ፣ አረሙ መጣ። ይደክመው ነበር። ማታ ቤቱ ሲገባ ይደክመው ነበር። «ነገ።» እናንተስ ነገ ብላችሁ አታውቁም?

ፍሙ እየጠቆረ ነው። የሻረግ ጭኗ ላይ ያለውን ፍልጥ አየችው፤ አልነካችውም።

ከዚያ ነሐሴ መጣ። መብራት በገባ በዓመቱ ማለት ነው። የሰውየው ሚስት ወለደች። ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ምሰሶ ጣለ። መንደሩ ሁሉ ድርግም አለ። ኩራዝ የለም። ክብሪቱ ረጥቧል፤ ሱቅ ያለውም ረጥቧል። ሕፃኑ መጀመሪያ አለቀሰ። ከዚያ ማልቀሱን ተወ። ሚስቱ እግሩን በጨለማ ዳሰሰችና «አንተ ሰው፣ ልጁ በረዶ ሆነብኝ» አለችው።

እሳት የት አለ? በመንደሩ ውስጥ እሳት ያለው ማን ነው?

ሰውየው ገል ፈልጎ ወጣ። ብቻውን። ቅንጭቡን እየዳበሰ ወረደ። ወንዙን እስከ ጉልበቱ ገብቶ ተሻገረ። ቀና ሲል ከላይ ቀይዋን ነጥብ አያት። «ተመስገን» አለ። ሮጠ።

በሩ ክፍት ነው። እማማ አንጓች ጀርባቸውን ሰጥተው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ፍሙ ምድጃውን ሞልቶታል። «እንዴት አመሹ እማማ» አለ።

«ማን ነህ?»

«እኔ ነኝ። እሳት ልጭር መጥቼ ነው።»

«ቆየህ» አሉት።

ዝም አለ። የጣሪያው ሣር አፍስሷል። ዝናቡ በቀዳዳው ጠብ ጠብ እያለ ፍሙ ላይ ይወርዳል። ሰውየው ያየዋል። ውኃው ፍሙ ላይ ይወርዳል፤ ግን ትሽ አይልም። እንፋሎት የለም። ጭስ የለም። ቤቱ የጭስ ሽታ የለውም።

«እንጨት ይዘሃል?» አሉት።

«አልያዝኩም እማማ። ችኮላ ላይ ነኝ፤ ደግሞም...»

«ወንድ ነው አይደል? በርዶታል?»

ማን ነገራቸው? ሦስት ቀኑ ነው የተወለደ። ከማዶ የሚሻገር ሰው የለም። ማን ነገራቸው?

«አዎ» አለ ሰውየው።

እጃቸውን ፍሙ ውስጥ ከተቱ። በመቆስቆሻ አይደለም፣ በእንጨት አይደለም። በጣታቸው። አንድ ፍም፣ ሁለት ፍም፣ ሦስት ፍም። ወደ ኋላ ሳይዞሩ ገሉ ላይ አስቀመጡለት። ያን ጊዜ ሰውየው ግድግዳውን አየ። የእሱ ጥላ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሆኖ ይወዛወዛል። የእሱ ብቻ። ሁለት ሰው አለ፣ ጥላው አንድ ነው።

«ቆርቆሮውስ?» አሉት።

«ከመኸር በኋላ» አለ። አፉ ሌላ ነገር አላገኘም።

«ግድ የለም። አሁን ዝናቡ አይሰማኝም። እንጨቱን ግን አምጣልኝ።»

ወጣ። አልሮጠም። ዝናቡ በፍሙ ላይ ይወርዳል፣ ፍሙ አይጠፋም። ወንዙ ውስጥ ሲገባ ከኋላው ሌላ እግር ውኃው ውስጥ ሲገባ ሰማ። ሲቆም ይቆማል። ሲሄድ ይሄዳል። ዞር ብሎ አላየም። እናንተስ ዞር ትሉ ነበር?

ቤቱ ደረሰ። ፍሙን ምድጃው ላይ ገለበጠው። እሳቱ ያዘ። ውኃ ሞቀ። የልጁ እግር ሞቀ፣ ከንፈሩ ቀላ፣ ጡት ያዘ። ልጁ ዳነ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ልጁ በዚያ እሳት ነው የዳነ።

ሲነጋ ሰውየው ከቤቱ ደረቁን ፍልጥ መርጦ ሄደ። በሩ ክፍት ነው። እማማ አንጓች ከምድጃው አጠገብ ተኝተዋል። አንድ እጃቸው አመዱ ውስጥ ነው። ከሞቱ ሰንብተዋል። አመዱ ጭቃ ሆኗል። ጭቃው ላይ ሣር በቅሏል። ይህን ያህል ሣር በአንድ ሌሊት አይበቅልም። በሁለት ሌሊትም አይበቅልም።

መንደሩ ተሰበሰበ። አንዱ «አንተ ጠይቀሃቸዋል ብዬ እኮ ነው» ይላል። ሌላው «እኔ ደግሞ አንቺ ሄደሻል ብዬ» ይላል። ቀብሩ ዕለት ምን ሆነ? ሰው ሁሉ እንጨት ተሸክሞ መጣ። ማንም ሳይነግረው፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ፍልጥ። ደጃፋቸው ላይ ተከመረ። የጣሪያውን ያህል ሆነ። ደፍሮ የወሰደው የለም። እዚያው በሰበሰ።

በዚህ ያበቃ ይመስላችኋል? ሰውየውም መስሎት ነበር።

መብራት ተመልሶ በጠፋ ሌሊት በሩ ላይ አንድ ድምፅ መጣ። ቀስ ያለ ድምፅ። «እሳት የሚጭር የለም?» ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር። «እሳት የሚጭር የለም?» ሁሉም ሰምቷል፣ ሁሉም አልሰማሁም ይላል። ሰውየው በር ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ይላል። «ልጄ፣ እንጨቱን አመጣህልኝ?»

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ሌሊት ሁሉ አንድ ደረቅ ፍልጥ ይወስድላቸዋል። ወደ በሩ እንዳይመጡ እሱ ወደ በራቸው ይሄዳል። በምድጃው ቦታ ያስቀምጠዋል። በማግስቱ ሲያይ ፍልጡ የለም፤ በቦታው እፍኝ አመድ አለ፤ አመዱም ለብ ያለ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ሳይወስድላቸው ቀረ። እንደ ዛሬው ክረምት ነው፣ ሚስቱ የበሩን ፍልጥ አነደደችው። አላወቀችም፤ አልነገራትም ነበር። ያን ማታ እሳቱ ነደደ። ቤቱ በራ። ግን አልሞቀም። እንደ አምፖል ሆነ፤ ያበራል፣ አያሞቅም። ሚስቱ እሳቱ ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራትም። «በረደኝ» አለች። በማግስቱም በረደኝ አለች። ፀሐይ ወጥቶም በረደኝ አለች። ከዚያ ብርድ አልዳነችም።

አያ ጓንጉል ቀኝ እጃቸውን ወደ ፍሙ አስጠጉ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ሙላቴ ሊስቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«እና ሰውየው?» አለች ማሪቱ በቀጭን ድምፅ። «ሰውየው ምን ሆነ?»

«ሰውየው ገሉን የያዘበት እጁ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሞቆት አያውቅም» አሉ አያ ጓንጉል። «አርጅቷል። ወንዙ ይከብደዋል። አንድ ቀን ሳልደርስ እቀራለሁ ብሎ ይፈራል። እሱ ከቀረ እሳቸው ይመጣሉ። ልጁን ነው የሚጠይቁት። በእሳታቸው የሞቀው ልጁ ነዋ።»

የሻረግ ቀስ ብላ ቀና አለች። ነሐሴ። መብራት በገባ በዓመቱ። ስንት ጊዜ ሰምታዋለች? በሠርጓቸው ዕለት እንኳ ሽማግሌዎቹ የደመላሽን ዕድሜ ሲጠይቁ እንደዚያው ነበር ያለው።

«አባባ...» አለች።

አያ ጓንጉል ለመነሣት እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። ቀኝ እጃቸውን። ማታውን ሙሉ ከፍሙ በላይ ዘርግተውት የነበረውን እጅ። የሻረግ ቅዝቃዜው በነጠላዋና በቀሚሷ አልፎ ቆዳዋ ድረስ ተሰማት። ከወንዝ ውስጥ እንደወጣ ድንጋይ ነው።

ፍሙን አየች። ሊጠፋ ነው። ሽሮውን አየች። ልጇን አየች። ከዚያ ጭኗ ላይ ያለውን ፍልጥ በሁለት እጇ አንሥታ፣ እርጥበት እንዳይነካው በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችና ሰጠቻቸው።

«ሙላቴን ይዘውት ይሂዱ» አለች። «ብቻዎን አይሂዱ።»

ሙላቴ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

አያ ጓንጉል ፍልጡን ብብታቸው ውስጥ አደረጉት። በሩን ከፈቱት። ከውጭ ጨለማ ነው፤ ከማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር፣ ማንም በማይኖርበት በኩል፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ትታያለች። ወጥተው ሄዱ።